አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ (1878–1929)፦ የስልክ መስመር ስሌቱና የዛሬው የድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎት

የምዝገባ ሳምንት በደረሰ ቁጥር የአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት ምን እንደሚገጥመው ያልተመለከተ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያለ አይመስልም። ጠዋት ገጹ አልከፈት ይላል፤ ከቀትር በኋላ ይከፈትና መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ሌሊት ግን ያለ እንከን ይሠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሰርቨር ከሞላ ጎደል ሥራ ፈትቶ ይውላል። በቆሰበር ተቀምጦ ይህን ጉዳይ የሚያጠና ሰው ዘወትር የሚመለስበት ጥያቄ አንድ ነው። ለዚያች ሳምንት ሲባል የራስን ሰርቨር ገዝቶ በግቢ ውስጥ ማኖር ይሻላል ወይስ በአቅራቢው የሚተዳደርና እንደ ጫናው የሚሰፋና የሚጠብ የማስተናገጃ አገልግሎት መከራየት?

ይህን ጥያቄ በስሌት ለመመለስ የሚያስችለውን መሣሪያ ያዘጋጀው ሰው ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከመኖሩ አስቀድሞ አርፏል። ስሙ በቴሌኮም ምሕንድስና የመለኪያ አሃድ፣ በሶፍትዌር ምሕንድስና ደግሞ የፕሮግራም ቋንቋ ሆኖ ይጠራል። ሕይወቱ ግን በእኛ የመማሪያ ክፍሎች ብዙም አይነገርም። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ይተርካል፤ በዚያውም የቀመሩ ጥቅም የት ድረስ እንደሚዘልቅና የት ላይ እንደሚያበቃ ለማሳየት ይሞክራል። ከአንድ የአገር ውስጥ በዓል ቀን በቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በምዕራብ ዴንማርክ፣ በዩትላንድ ልሳነ ምድር፣ ሎንቦርግ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ሐንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እናቱ ማግዳሌነ ክራሩፕ የመጣችው ከካህናት ቤተሰብ ሲሆን ከቅድመ አያቶቿ አንዱ በሥነ ሦስት ማዕዘን ስሙ የሚነሣው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ፊንከ ነው። አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው። ማታ ማታ ወንድሙ መጽሐፍ ሲያነብ አግነር ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጥና ያንኑ ገጽ ተገልብጦ እያየ አብሮ ያነብ ነበር። ይህን ማንሣታችን ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም፤ የአንድ መጽሐፍን አገልግሎት ለሁለት መካፈል ከጊዜ በኋላ የሕይወቱ ሥራ ከሆነው ጉዳይ ጋር የሚዛመድ ይመስለናል። ለሥነ ፈለክም ልዩ ፍቅር ነበረው።

መጀመሪያ የተማረው በቤቱ፣ ከአባቱና ከአንድ ረዳት መምህር ዘንድ ነው። በ14 ዓመቱ በኮፐንሃገን ለመሰናዶ ፈተና ተቀመጠ፤ ዕድሜው ስላልደረሰ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር፤ በጥሩ ውጤትም አለፈ። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ በአባቱ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመታት ያህል በረዳት መምህርነት አገለገለ። የኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት መነሻ ተብሎ የሚቆጠረው፣ የዐፄ ምኒልክ ዘመኑ 1894፣ ከዚህ የኤርላንግ የወጣትነት ዘመን ጋር ይገጥማል። በ1896 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቤተሰቡ ባለጸጋ ስላልነበረ የተማረው በድጎማ ነበር። በ1901 በሒሳብ ተመረቀ፤ ሥነ ፈለክ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪም አብረው የተጠኑ መስኮች ነበሩ።

ቀጣዮቹን ሰባት ዓመታት በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች በማስተማር አሳለፈ። ምርምሩን ግን አልተወም። ደቻዊው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ኢምንት መጠኖችን የሚመለከቱ ችግሮችን እንዴት እንደፈታ መርምሮ ጻፈ፤ ጽሑፉም ዩኒቨርሲቲው ባዘጋጀው ውድድር በ1904 ዕውቅና አገኘ። በዴንማርክ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባዎችም አዘውትሮ ይገኝ ነበር። የሕይወቱ አቅጣጫ የተቀየረው በዚያ ነው።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ ዮሃን የንሰን ነበር። ዛሬ በሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ ስሙ ከኮንቬክስ ፈንክሽን ኢ-እኩልነት ጋር ይጠራል፤ መተዳደሪያው ግን በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስነት ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ፍሪትስ ዮሃንሰንም በ1907 መስመር ስለሚያዝበት ጊዜና ደንበኞች ስለሚጠብቁት ጊዜ አጭር ጥናት አሳትሞ ነበር። ዮሃንሰን ችግሩን ለይቶ አስቀምጧል፤ መፍትሔው ግን የተሟላ የሒሳብ መሠረት ይጎድለው ነበር። የንሰን ኤርላንግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር አስተዋወቀው፤ ኤርላንግም በ1908 የኩባንያው የሳይንስ ተባባሪና የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራውን የጀመረው ሠራተኞች በሌሉት ቤተ ሙከራ ነበር፤ መለኪያውን ራሱ ይሠራ፣ ልኬቱንም ራሱ ይወስድ ነበር።

የኩባንያው ችግር በቀላል አነጋገር ይህ ነው። አንድ መንደር ብዙ ደንበኞች አሉት፤ ከመንደሩ ወደ ከተማ የሚዘረጋው ሽቦ ግን ውድ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር ማዘጋጀት ኩባንያውን ያከስራል፤ በጣም ጥቂት መስመር ማዘጋጀት ደግሞ ደንበኛውን ያስመርራል። ታዲያ ስንት መስመር ይበቃል? ስንት ስልክ አገናኝ ሠራተኛስ ይቀጠር? ሽቦውን በሰርቨር፣ ደንበኛውን በድረ ገጽ ተጠቃሚ ብንተካ ጥያቄው ያው ዛሬ የማስተናገጃ አገልግሎት አቅራቢዎች የሚመልሱት ጥያቄ ነው።

ኤርላንግ የመጀመሪያውን ዐቢይ ጽሑፉን በ1909 በአንድ የዴንማርክ የሒሳብ መጽሔት ላይ አወጣ። በዚህም የስልክ ጥሪዎች በዘፈቀደ በሚመጡበት ጊዜ በአንድ የተወሰነ ቆይታ ውስጥ የሚደርሱት ጥሪዎች ብዛት የፖይሰንን ሥርጭት እንደሚከተል አሳየ። እዚህ ላይ አንድ መነሻ ግምት አለ፦ ደዋዮቹ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጉዳይ ተነሣስቶ ይደውላል። አንባቢ ይህን ግምት በልቡናው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ የኋላው ክርክር ሁሉ የሚንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ ስለ አውቶማቲክ የስልክ ማዕከላት የጻፈው ሥራው ታተመ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ይህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የስታቲስቲካዊ ሚዛን ሐሳብን ተጠቅሞ ሁለት ዓይነት ሁኔታዎችን መረመረ። በመጀመሪያው፣ መስመር ሁሉ ሲያዝ አዲስ የመጣው ደዋይ ይመለሳል። በሁለተኛው፣ ደዋዩ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ለመጀመሪያው ሁኔታ ያገኘው ቀመር የእንግሊዝን ፖስታ ቤት ጨምሮ በብዙ አገሮች የስልክ አስተዳደሮች ሥራ ላይ ዋለ። አንድ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የኤርላንግን ጽሑፎች በመነሻ ቋንቋቸው ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ ተማረ ይባላል።

የቀመሩን ጉልበት በምሳሌ ማየት ይገባል። በአንድ ሰዓት 200 ጥሪዎች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱም በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ጠቅላላው 600 ደቂቃ፣ ማለትም የ10 ሰዓት ንግግር ነው። ይህ የ10 ሰዓት ንግግር በአንድ ሰዓት ውስጥ መስተናገድ ስላለበት ጫናው 10 ነው እንላለን፤ ዛሬ አሃዱ ኤርላንግ ይባላል። በድረ ገጽ ቋንቋ ብንለውጠው፣ በሰከንድ 40 ጥያቄዎች መጥተው እያንዳንዱ የሰከንድ ሩብ ቢወስድ ጫናው ያው 10 ኤርላንግ ነው።

ለ10 ኤርላንግ 10 መስመር ይበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በቀመሩ ሲሰላ በ10 መስመር ከአምስት ደዋዮች ከአንድ የሚበልጠው ይመለሳል። የሚመለሰው ከመቶ ከአንድ እንዳይበልጥ ከተፈለገ 18 መስመር ያስፈልጋል። ጫናው 1 ኤርላንግ ሲሆን ለዚሁ የአገልግሎት ደረጃ 5 መስመር ይጠይቃል፤ ጫናው 100 ኤርላንግ ሲሆን ግን 117 ብቻ ይበቃል። ትንሹ መንደር መስመሮቹን በአማካይ የሚያሠራው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ትልቁ ከተማ ግን ከመቶ 85 ያህል ያሠራቸዋል። የጥራት ደረጃው እኩል ሆኖ ሳለ ወጪው በእጅጉ ይለያያል።

እያንዳንዳቸው 10 ኤርላንግ ጫና ያለባቸው ዐሥር ተቋማት አሉ እንበል። ሁሉም የየራሳቸውን ቢገዙ በድምሩ 180 አገልጋዮች ያስፈልጓቸዋል። ጫናቸውን በአንድ ቋት ቢያዋሕዱ 117 ይበቃቸዋል። ከሲሦ በላይ የሚሆነው ወጪ ቀረ ማለት ነው፤ ያውም የኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣና የባለሙያ ወጪ ሳይታሰብ። የክላውድ ኩባንያዎች አትራፊነት አንዱ ምንጭ ይህ የመዋሐድ ትርፍ ነው። በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ የመረጃ ማዕከል ያቋቋሙ ኩባንያዎች ለአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚያቀርቡት ሐሳብም ከዚሁ ስሌት የራቀ አይደለም።

ስለ ወረፋው ጥቂት እንጨምር፤ የድረ ገጽ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቅ እንጂ ወዲያው የሚመለስ አይደለምና። አንድ አገልጋይ ብቻ ባለበት፣ ጥያቄዎች በዘፈቀደ በሚመጡበትና የአገልግሎቱ ጊዜ በኤክስፖኔንሺያል ሥርጭት በሚለዋወጥበት ሁኔታ፣ አገልጋዩ ከጊዜው እኩሌታውን ሲሠራ አንድ ጥያቄ በአማካይ የአገልግሎቱን ጊዜ እጥፍ ይቆያል። ከመቶ 90 ሲሠራ ዐሥር እጥፍ፣ ከመቶ 99 ሲሠራ መቶ እጥፍ ይቆያል። ከሰከንድ አንድ አምስተኛ የሚፈጅ ገጽ በመጨረሻው ሁኔታ 20 ሰከንድ ያስጠብቃል ማለት ነው። ሰርቨሩ አልተበላሸም፤ እንዲያውም በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው። መሣሪያው ሥራ ፈትቶ መታየቱን እንደ ብክነት የሚቆጥር የንብረት አስተዳደር ይህን ሰንጠረዥ ቢመለከት መልካም ነበር።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለኪራይ አገልግሎት የሚያደላ ነው። ነገር ግን ደዋዮቹ አይማከሩም ወዳለው ግምት እንመለስ። የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። በዘወትር ቀናት ለቆሰበር እንግዳ የሚበቃው የሆቴል አልጋ በዚያ ሰሞን አይበቃም። እንግዶቹ የመጡት እያንዳንዳቸው በየጉዳያቸው ሳይሆን አንድ ቀን ጠርቷቸው ነው። የከተማው ሆቴሎች አልጋቸውን አስተባብረው በአንድ መዝገብ ቢያከራዩም ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም፤ አንዱ ሆቴል ሲሞላ ሌላውም ሞልቷልና።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ድረ ገጾችም እንዲሁ ናቸው። የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ተቀራራቢ ነው፤ ምዝገባው፣ የውጤት መለቀቂያው፣ የምደባው ማስታወቂያ በየተቋሙ በተመሳሳይ ሰሞን ይውላል። ከላይ የጠቀስናቸው ዐሥር ተቋማት 117 አገልጋዮችን ተጋርተው ሳሉ በአንድ ጠዋት የእያንዳንዳቸው ጫና አምስት እጥፍ ቢሆን ድምሩ 500 ኤርላንግ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከአራት ጠያቂዎች ከሦስት የሚበልጡት ይመለሳሉ። የሚመለሰው ተማሪም ቀመሩ እንደሚገምተው አርፎ አይሄድም፤ ገጹን ደጋግሞ ይከፍታል። ስለዚህ ጫናው ራሱን ያባዛል።

አቅራቢዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ በራሱ የሚሰፋ አቅም ነው፤ ጫናው ሲጨምር ሥርዓቱ ተጨማሪ ሰርቨሮችን ያስነሣል። ይህ እውነተኛ መፍትሔ የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው ብለን እናምናለን። የአቅራቢው ቋት በጠባያቸው የማይመሳሰሉ ደንበኞችን፣ ለምሳሌ ባንኮችን፣ ነጋዴዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያቀፈ ሊሆን ይገባል፤ ደንበኞቹ ሁሉ ተመሳሳይ ተቋማት ከሆኑ የሚበደርበት ሥራ ፈት አቅም አይኖረውም። አዲሱ ሰርቨር የሚነሣበት ጊዜ ጫናው ከሚያሻቅብበት ጊዜ ያጠረ መሆን አለበት፤ የምዝገባ ሰዓት ሲከፈት ጫናው የሚያሻቅበው በሰከንዶች ውስጥ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ የድረ ገጹ ሰርቨር ቢባዛም ሁሉም የሚጽፉበት የመረጃ ቋት አንድ ከሆነ ወረፋው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ለቆሰበር ደግሞ ወደ መረጃ ማዕከሉ የሚያደርሰው የኢንተርኔት መስመር ራሱ የኤርላንግ መንደር ሽቦ ነው፤ እርሱ ከጠበበ በማዶ ያለው ስፋት አይታይም። እንግዲህ ኪራዩን ከመቃወም ይልቅ የምዝገባውን ቀን በየትምህርት ክፍሉ ከፋፍሎ ጫናውን ወደ ዘፈቀደ ማቅረብ ከማናቸውም የሰርቨር ግዢ የረከሰ እርምጃ ነው።

ኤርላንግ በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ከወረቀቱ ላይ ብቻ ይፈርድ ነበር ብለን አናስብም፤ ልኬት ወዳድ ሰው ነበርና። በከተማዋ የሚሄዱት የኤሌክትሪክ ትራሞች ወደ መሬት የሚያፈሱት ኃይል የስልክ ኬብሎችን የእርሳስ ሽፋን ይበላ ነበር። ይህን ለመለካት የሒሳብ ሊቁ በኮፐንሃገን መንገዶች ላይ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ ከአንዱ የኬብል ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲወርድና ሲወጣ የከተማው ሰው ያየው ነበር። ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚለካ መሣሪያም አሻሽሎ ሠርቷል፤ ባለ አራት አሃዝ የሎጋሪዝም ሰንጠረዦችንም አዘጋጅቷል።

በግል ሕይወቱ ዝምተኛ ነበር። አላገባም። ብዙ መጻሕፍት ሰብስቦ ነበር፤ ከሒሳብና ከሥነ ፈለክ ሌላ የታሪክ፣ የፍልስፍናና የግጥም መጻሕፍትም ይገኙባቸው ነበር። ችግረኞች ወደ ቤተ ሙከራው እየመጡ እርዳታ ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም ማንም ሳያይ ይረዳቸው ነበር። ለስልክ ኩባንያው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሠራ በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ነበር ይባላል። በጃንዋሪ 1929 ግን የሆድ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ሆስፒታል ገባ፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በ51 ዓመቱ አረፈ።

ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ በ1946 የስልክ ጫና መለኪያ አሃድ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት የአገሩ ሰዎች ሕይወቱንና ሥራዎቹን በአንድ መጽሐፍ አሰባስበው በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በስዊድን የኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች የስልክ ማዕከላትን የሚያሠራ የፕሮግራም ቋንቋ መቅረጽ ጀመሩ። ብዙ ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡ፣ አንዱም ቢበላሽ ሌላው ሳይቋረጥ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀው ይህ ቋንቋ ኤርላንግ ተባለ። የዋትስአፕ ሰርቨሮች የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ የምዝገባው ገጽ አልከፈት ባለ ጊዜም የቆሰበር ተማሪዎች ወሬውን ከሚለዋወጡባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።